በስክሪን ሙሉ፣ በወረቀት ጎደሎ

ጅማ ውስጥ ቦሳ አዲስ ሰፈር ፕሪንት ቤት ገብቶ ደብዳቤ ማሳተም የደቂቃ ሥራ ነው። ከኢንተርኔት የተከፈተ ካርታ ግን ያስቸግራል። ስክሪኑ ላይ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት መንገዱም ወንዙም ጥርት ብሎ የታየው፣ ወረቀት ላይ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ባለጉዳዩ ማተሚያውን ይጠረጥራል፣ ባለሙያው ቀለሙን ይፈትሻል። ማተሚያው ግን ጥፋት የለበትም።

የዌብ ካርታ አንድ ወጥ ሥዕል አይደለም። ጎግል ካርታ እ.ኤ.አ. በ2005 ባስለመደን አሠራር፣ ታይል የሚባሉ ትንንሽ ካሬ ሥዕሎች እንደ ወለል ሴራሚክ ጎን ለጎን እየተገጠሙ የሚሠራ ነው። የተለመደው ታይል በእያንዳንዱ ጎኑ 256 ፒክስል ነው። ብሮውዘሩ ከሰርቨር የሚያስመጣው ለእይታ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ ካርታውን ስንጎትተው ተጨማሪ ይጠራል። የህትመት ትእዛዝ ሲሰጠው ገጹን ለወረቀቱ ልክ እንደገና ያሰላል። የካርታው ስፋት ሲቀየር ለአዲሱ ቦታ የሚያስፈልጉት ታይሎች ገና አልደረሱም። ግራጫው የእነሱ ቦታ ነው። ኔትወርኩ በሚንቀረፈፍበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ብሮውዘር የራሱ ጠባይ አለው። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ቀለም ለመቆጠብ ሲሉ የገጽ ጀርባ ሥዕሎችን ሳይታዘዙ አያትሙም፤ የካርታው ምልክቶች በጀርባ ሥዕልነት ተቀምጠው ከሆነ ድራሻቸው ይጠፋል። ማስተካከያው በህትመት መስኮቱ ውስጥ ቢኖርም ስሙና ቦታው ከብሮውዘር ብሮውዘር ይለያያል። ዌብጂኤል በሚባለው ዘዴ የሚሳሉት አዳዲስ ካርታዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ምስሉ ስክሪን ላይ ከታየ በኋላ የተያዘበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ይጸዳል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው እንዲቆይ ካላዘዘ ማተሚያው ነጭ ወረቀት ሊተፋ ይችላል።

ሁሉም ቢሳካ እንኳ ጥራቱ ይቀራል። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፤ ይህ ወደ 140 ታይል ነው። 1366 በ768 የሆነ የላፕቶፕ ስክሪን የሚይዘው ግን ሃያ ያህሉን ነው። ስክሪንሾት አንስቶ ወረቀት የሚያስሞላ ሰው ፊደሎቹ ለምን እንደደበዘዙበት ቢጠይቅ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ 1፡50,000 ካርታዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ከመነሻው ለወረቀት ስለተሳሉ 2 ሴንቲሜትር ምንጊዜም 1 ኪሎ ሜትር ነው። የዌብ ካርታ እንዲህ ያለ ቃል አይሰጥም። ስለዚህ በቁጥር ከተጻፈው ሚዛን ይልቅ ከካርታው ጋር አብሮ የሚያንሰውንና የሚያድገውን የሚዛን መስመር ማመን ይሻላል።

ወረቀት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ የጅማን ቡና ያስብ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበት ማሳም በመልክዓ ምድራዊ መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያ ወሰኑ፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። መረጃው የሚሰበሰበው በስልክ፣ የሚታየውም በዌብ ካርታ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ግን ይህ ማሳ የእኔ ነው፣ ወሰኑ እዚህ ጋ ተሳስቷል ለማለት ጎረቤቶቹ ባሉበት የሚዘረጋ ወረቀት ያስፈልገዋል። በእኔ እምነት ገበሬው አይቶ ያላረመው ካርታ፣ ስክሪን ላይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና ረቂቅ ነው።

መፍትሔው ብሮውዘሩን ማባበል አይደለም። ነጻ በሆነው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም በኪውጂአይኤስ የህትመት ገጽ አዘጋጅቶ፣ የወረቀቱን መጠንና ሚዛኑን ወስኖ፣ ፒዲኤፍ ማውጣት ይቻላል። ለብዙ ተጠቃሚ የሚሠራ ድረ ገጽ ከሆነም ፒዲኤፉን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነው፤ ማፕፊሽ ፕሪንት ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ለቡና አምራቾች ካርታ የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ አንዳንድ ኤ4 አትማችሁ ተመልከቱ።