ፊልሙ ሞተ፣ ኬሚስትሪው ቀረ

የፊልም ዘመንን የሚያስታውስ ሰው ቢጫውን የኮዳክ ካርቶንና አረንጓዴውን የፉጂ ካርቶን አይረሳም። አንዱ አሜሪካዊ ሌላው ጃፓናዊ የሆኑት ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ ገበያቸውም የተናደው በአንድ ጊዜ ነው። ኮዳክ በጃንዋሪ 2012 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኪሳራ ከለላ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፉጂፊልም ግን ዛሬም ግዙፍ ኩባንያ ነው። ልዩነታቸው እንዲገባን መጀመሪያ አንድ ምርት እንዴት እንደሚያረጅ እንይ።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ባስ በ1969 የአዲስ ዕቃ ሽያጭ የሚጓዝበትን መንገድ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ። እንደ ቴሌቪዥን ያለ ዕቃ ሲወጣ ማንንም ሳይጠብቁ ደፍረው የሚገዙት ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ሰው የጎረቤቱን አይቶ ይከተላል። የገዛው በበዛ ቁጥር ተከታዩም ስለሚበዛ ሽያጩ ይፈጥናል፤ ገና ያልገዛው ሰው ደግሞ በዚያው ልክ ይመናመናል። በዚህ ትግል መካከል ሽያጩ ጣሪያ ይነካና ቁልቁል ይሄዳል። ከቀመሩ የሚወጣው ውጤት ማንኛውንም ሥራ አስኪያጅ ሊያሳስበው ይገባል፦ ሽያጩ ጣሪያ በነካበት ዓመት፣ ሊገዙ ከሚችሉት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ገዝተው ጨርሰዋል። ሪፖርቱ ከሁሉ ባማረበት ዓመት ቁልቁለቱ ይጀምራል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ ዕድሜያቸው የተለያየ ምርቶችን ጎን ለጎን መያዝ ይኖርበታል፤ ገና የሚተዋወቅ፣ በማደግ ላይ ያለ፣ የበሰለ፣ የሚያሽቆለቁል። የቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ መሥራች ብሩስ ሄንደርሰን በ1970 ባቀረበው ሐሳብ፣ ትልቅ ድርሻ ይዞ ማደግ ባቆመ ገበያ ውስጥ ያለ ምርት ጥገት ላም ነው። የሚታለበው ገንዘብ ዕጣቸው ገና ያልለየላቸውን አዳዲስ ምርቶች ያሳድጋል።

ፊልም እንዲህ ያለ ምርት ነበር። ካሜራ አንዴ ይገዛል፤ ፊልም ግን ለየሠርጉና ለየክርስትናው እንደገና ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል። ኮዳክ የወደቀው ዲጂታልን ባለማየቱ ነው የሚለው የተለመደ ታሪክ ትክክል አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 የሠራው የራሱ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው። በ2005 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ አንደኛ ነበር። ችግሩ ካሜራው የፊልምን ያህል ትርፍ አለማምጣቱ፣ እሱም ቆየት ብሎ በስልክ መዋጡ ነው። በእኔ ግምት ከዚያ የከፋው ጉዳት ሌላ ነው። ኮዳክ ትልቁን የኬሚካል ክፍሉን በ1994 ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለየው፤ የመድኃኒት ሥራውን በዚያው ዓመት፣ የሕክምና ምስል ክፍሉን በ2007 ሸጠ። ፊልሙ ሲወድቅ የሚደገፍበት ሌላ ምሰሶ አልነበረውም።

ፉጂ የሄደው በተቃራኒው ነው። የዓለም የፊልም ፍላጎት በ2000 ጣሪያ ነክቶ መውረድ ሲጀምር፣ የኩባንያው መሪ ሺጌታካ ኮሞሪ መሐንዲሶቹ የሚያውቁት ቴክኖሎጂ ሁሉ እንዲቆጠር አዘዘ፤ የተቆጠረው ዕቃ ሳይሆን ችሎታ ነበር። የፎቶ ፊልም ስስ ሽፋን የሚሠራው ከጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከኮላጅን ይገኛል፤ ኮላጅን የሰው ቆዳም ዋና ክፍል ነው። ፎቶን የሚያደበዝዘው ኦክሲዴሽን ቆዳንም ያስረጃል። በዚህ እውቀት ላይ ቆሞ ፉጂ በ2007 አስታሊፍት የተባለ የፊት ቅባት ለገበያ አቀረበ። ለፊልም መደብ የሚያገለግለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስክሪን ውስጥ መከላከያ ሽፋን ሆነ። በ2008 ቶያማ ኬሚካል የተባለውን የመድኃኒት ድርጅት ገዛ። ይህ ሁሉ ያለ ሕመም አልመጣም፤ በ2006 በፎቶ ክፍሉ 5,000 የሥራ ቦታዎች እንደሚቀነሱ ተነግሯል። ለእነዚያ ሠራተኞች የምርት ዕድሜ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አልነበረም።

የዕድሜ ዑደቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መውሰድም አደገኛ ነው። ናሪማን ዳላ እና ሶንያ ዩስፔ በ1976 እንደተከራከሩት፣ አለቆች አንድን ምርት አርጅቷል ብለው ማስታወቂያውንና በጀቱን ሲነፍጉት፣ ሽያጩ የሚወድቀው በዚያው ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ከፉጂ ቤት ራሱ ማስረጃ አለ። ያነሱትን ፎቶ እዚያው አትሞ የሚያወጣው ኢንስታክስ ካሜራ በ1998 ወጣ፣ ደመቀ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሽያጩ ክፉኛ ወደቀ። ኩባንያው ግን አልገደለውም። በስማርት ስልክ ያደጉ ወጣቶች በእጅ የሚያዝ ፎቶ ፈልገው መጡ፤ ኢንስታክስም ዛሬ ከዲጂታሉ ማዕበል በፊት ሸጦት የማያውቀውን ያህል ይሸጣል።