የከተማ አየር እንዴት ይለካል? ከተለካስ በኋላ?

በእንግሊዝ ከተሞች ጎዳና ላይ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በመብራት ምሰሶ ላይ የታሰረች፣ የጣት ያህል ርዝመት ያላት የፕላስቲክ ቱቦ ሊያይ ይችላል። ሽቦ የላትም፤ ባትሪ የላትም፤ ድምፅም አታሰማም። ይሁን እንጂ ይህች ቱቦ የምትሰበስበው መረጃ የአንድ መንገድ የትራፊክ ፍሰት እንዲለወጥ ወይም አሮጌ የጭነት መኪኖች ወደ ከተማ ሲገቡ ክፍያ እንዲጠየቁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ ማለትም ከተማንና ወረዳን የሚያስተዳድሩ በነዋሪዎች የተመረጡ አካላት፣ የአየር ብክለትን እንዴት እንደሚለኩና እንደሚቆጣጠሩ እንመለከታለን። ከዚያም አልፈን፣ ብክለቱ ከታወቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ እንጠይቃለን። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የሕጉ አመጣጥ

በዲሴምበር 1952 የድንጋይ ከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ለንደንን ለአምስት ቀናት ሸፈናት። በጊዜው በተደረገው ግምት 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። ይህን ተከትሎ በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ምክር ቤቶች ጭስ የሚከለከልባቸውን ሰፈሮች እንዲሰይሙ ሥልጣን ሰጣቸው።

ጥቁሩ ጭስ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ዓይን የማያየው ብክለት ቦታውን ያዘ። ከመኪና ሞተር የሚወጡት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ደቃቅ ብናኞች ዋነኛ ሥጋት ሆኑ። በዓይን የማይታይን ነገር ለመቆጣጠር ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ስለሆነም በ1995 የወጣው የአካባቢ ሕግ እያንዳንዱ ምክር ቤት የክልሉን አየር በየጊዜው እንዲመረምርና ውጤቱን ከብሔራዊ መመዘኛዎች ጋር እንዲያነጻጽር አስገደደ። በእንግሊዝ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ዓመታዊ አማካይ በኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ከ40 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። የአንድ ሰዓት አማካዩ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከ18 ጊዜ በላይ 200 ማይክሮግራምን እንዳያልፍ ተደንግጓል።

ቱቦዋ እንዴት ትሠራለች?

ቱቦዋ የታችኛው ጫፏ ክፍት ነው። በላይኛው ክዳኗ ውስጥ ትራይኤታኖላሚን በተባለ ኬሚካል የተነከረ የብረት ወንፊት ተቀምጧል። ኬሚካሉ ወደ እርሱ የደረሰውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ፣ በላይኛው ጫፍ ያለው የጋዙ መጠን ከሞላ ጎደል ዜሮ ይሆናል። ሞለኪውሎች ከሚበዙበት ወደሚያንሱበት ስለሚሠርጉ ጋዙ ያለ ፓምፕ እርዳታ በራሱ ወደ ላይ ይጓዛል። የቱቦዋ ርዝመትና ስፋት እንዲሁም የተሰቀለችበት ጊዜ ስለሚታወቅ፣ ከተያዘው ጋዝ ተነሥቶ በአየሩ ውስጥ የነበረውን አማካይ መጠን ማስላት ይቻላል።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቱቦዋ ተከድና ወደ ላቦራቶሪ ትላካለች። በዚያም ቀለም ሰጪ ኬሚካሎች ይጨመሩባትና ፈሳሹ ወደ ሐምራዊ ቀለም ይለወጣል፤ የቀለሙ ድምቀት በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። በውኃ ውስጥ ናይትራይትን የለካ የኬሚስትሪ ተማሪ ይህን ዘዴ ወዲያውኑ ይለየዋል።

ቱቦዋ ርካሽ ስለሆነች በብዙ ቦታ መስቀል ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ድክመቶች አሏት። አንደኛ፣ የምትሰጠው የወር አማካይ ነው፤ ጠዋት በመኪና መጨናነቅ ሰዓት የነበረውን ከፍተኛ ብክለት አትነግረንም። ሁለተኛ፣ ነፋስና የላቦራቶሪ አሠራር ውጤቷን ከእውነተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ስለዚህ ምክር ቤቶች በተመረጡ ቦታዎች ውድ የሆኑ አውቶማቲክ መሣሪያዎችን ይተክላሉ። በመሣሪያው ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ የብርሃኑ ብዛት የጋዙን ብዛት ይነግራል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ተለውጦ በልዩነት ይሰላል። በዚህ ዓይነት የየሰዓቱ ውጤት ይገኛል።

ሁለቱ ዘዴዎች የሚደጋገፉት እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። ከአውቶማቲክ መሣሪያው አጠገብ የተሰቀሉ ቱቦዎች የዓመት አማካይ 50 ቢሆን፣ የመሣሪያው ደግሞ 44 ቢሆን፣ ቱቦዎቹ አጋንነዋል ማለት ነው። ማስተካከያው 44 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 0.88 ይሆናል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ዳር ያለች ቱቦ 43 ብታሳይ፣ ከተስተካከለ በኋላ 37.8 ይሆናል፤ ከወሰኑ በታች ነው። ሌላዋ 47 ብታሳይ 41.4 ይሆናል፤ ከወሰኑ በላይ ነው። እንዲህ ያለች ጥቂት ልዩነት አንድ ሰፈር የሕጉን ጥበቃ እንዲያገኝ ወይም እንዳያገኝ ታደርጋለች።

ከመለካት ወደ ማስተዳደር

ወሰኑ ታልፎ ሲገኝና በዚያ ቦታ ሰዎች የሚኖሩ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ አካባቢውን «የአየር ጥራት አስተዳደር ክልል» ብሎ መሰየም ግዴታው ነው። ቀጥሎም ብክለቱ ከየትኛው ምንጭ ምን ያህል እንደሚመጣ፣ ማለትም ከአውቶቡስ፣ ከጭነት መኪና፣ ከቤት መኪና ወይም ከቤት ማሞቂያ መሆኑን ያጠናል። በዚህ መሠረት የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣል። ባዝ የተባለችው ከተማ በማርች 2021 የጀመረችው ሥርዓት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በከተማዋ መካከል የሚገቡ የብክለት መመዘኛን የማያሟሉ አውቶቡሶች፣ የጭነት መኪኖችና ታክሲዎች ይከፍላሉ፤ የግል መኪናዎች ግን አይከፍሉም። በርሚንግሃም በጁን 2021 በጀመረችው ሥርዓት ግን የግል መኪናዎችም ተካተዋል።

ታውቆ ያልተቀነሰ ብክለት

እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ የተሟላ ይመስላል። ሆኖም በለንደን በሉዊሻም ወረዳ ትኖር የነበረችው የኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ ታሪክ ክፍተቱን ያሳየናል። ኤላ ቤቷ ሳውዝ ሰርኩላር ከተባለው በመኪና የተጨናነቀ መንገድ 30 ሜትር ገደማ የሚርቅ፣ ብርቱ የአስም ሕመም የነበረባት ሕፃን ነበረች። በፌብሩዋሪ 2013 በ9 ዓመቷ አረፈች። እናቷ ባደረጉት ያላሰለሰ ጥረት የመጀመሪያው የሞት ምርመራ ተሽሮ እንደገና ተካሄደ። በዲሴምበር 2020 መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ ጉልህ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰኑ። በአካባቢው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን ከሕጋዊው ወሰን በላይ እንደነበረና ይህን ዝቅ ለማድረግ እንዳልተቻለ፣ እናቷም ስለ አደጋው እንዳልተነገራቸው አረጋገጡ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ችግሩ የመለኪያ እጥረት እንዳልነበረ ነው። የ1995ቱ ሕግ ምክር ቤቶች ወደ ግቡ እንዲጥሩ እንጂ ግቡን እንዲያሳኩ አላስገደደም። በዚያ ላይ ትልልቆቹ መንገዶች ብዙውን ጊዜ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው፤ የመኪና ሞተር መመዘኛና የነዳጅ ታክስም የማዕከላዊው መንግሥት ጉዳይ ነው። የሚለካው አንዱ፣ ምንጩን የሚቆጣጠረው ሌላው ሆነ። በ2021 የወጣው አዲሱ የአካባቢ ሕግ ይህን ለማረም የድርጊት መርሐ ግብሮች ግቡን የሚያስገኙ እርምጃዎችን እንዲይዙ፣ ሌሎች የሚመለከታቸው አካላትም እንዲተባበሩ አዝዟል።

መመዘኛው ራሱም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመከረው ዓመታዊ ወሰን 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም የእንግሊዙ ወሰን ሩብ ማለት ነው። በመሆኑም «ከወሰን በታች» ማለት «ከጉዳት ነፃ» ማለት አይደለም።

ቱቦዋ ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ የምትሠራበትም ሳይንስ በማናቸውም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የሚታወቅ ነው። አየሩን መለካት ለሚሻ ከተማ ሁሉ ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ነው። ቁጥሩ ለማን እንደሚነገር፣ ማን እርምጃ እንደሚወስድ፣ ካልወሰደስ ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ የተለካው አየርና ያልተለካው አየር ለሚተነፍሰው ሕፃን አንድ ናቸው።