በአምቦ መስመር የነበሩ የጣሊያን ምሽጎችና የአስካሪዎች ኑሮ

ፋሺስት ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው አገር ገና በእጁ አልገባም ነበር። ጦሩ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት አቅጣጫ የገፋው የዚያ ዓመት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ መስመር ላይ ወታደሮች ሰፈሩ። የእነዚህ ሰፈሮች ዋና ተግባር አገሩን ከማስተዳደር ይልቅ መንገዱን መጠበቅ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በየምሽጉ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ጣሊያናውያን አልነበሩም። የቅኝ ግዛቱ ጦር በአብዛኛው የተመሠረተው አስካሪ በሚባሉ ኤርትራውያን ላይ ሲሆን፣ ከሊቢያና ከሶማሊያ የመጡም ነበሩበት፤ ከአገሬው የተመለመለው ባንዳም ከጎናቸው ተሰልፏል። አስካሪው የየሻለቃው መለያ የሆነ ባለቀለም መቀነት ይታጠቃል፤ በማዕረግም ሙንጣዝ፣ ቡሉቅ ባሽ፣ ሹምባሽ እያለ ያድጋል። ከሹምባሽ በላይ ያለው ማዕረግ ግን ለጣሊያናዊ ብቻ የተጠበቀ ነበር። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሹምባሽም ቢሆን ትናንት ከሮም ለመጣ ወጣት መኮንን እጅ ይነሣል።

አስካሪው በዘመቻ ላይ ስንቁ ዱቄት ነበር። ዱቄቱን አቡክቶ፣ በእሳት የጋለ ድንጋይ በሊጡ ጠቅልሎ ብርኩታ ይጋግራል። በቋሚ ሰፈር ሚስቱና ልጆቹ አብረውት የሚኖሩበት ጊዜ ስለነበረ፣ ከምሽጉ አጠገብ ያለው የቤተሰብ ሰፈር ትንሽ መንደር ይመስል ነበር። ጣሊያናዊው ወታደር በአንጻሩ ቤተሰቡን ባሕር ማዶ ትቶ የመጣ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖርን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ሕጉ ልማዱን አላጠፋውም፤ ወደ ድብቅ ኑሮ ለወጠው እንጂ።

ከምሽጉ አጥር ውጭ ያለው ዓለም ሌላ ነበር። የጅባትና የሜጫ ጫካና ገደል የአርበኞች መጠለያ ሆነ። በጊንጪ አቅራቢያ የተወለደው ጃገማ ኬሎ ወደ ጫካ ሲገባ ዕድሜው ገና 15 ዓመት ነበር፤ ድንገተኛ አጠቃቀሙም በኋላ «የበጋው መብረቅ» አሰኝቶታል። ምሽጉን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው የስንቅ ጉዳይ ነበር። ምግቡም፣ ጥይቱም፣ ደብዳቤውም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው፤ መንገዱ ከተቆረጠ ወታደሩ በገዛ ምሽጉ ውስጥ እስረኛ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጭቃውም ለአርበኛው ያግዛል።

በከተማ የሚኖሩ የውስጥ አርበኞች በበኩላቸው የጠላትን እንቅስቃሴ እየሰለሉ ወሬውን፣ ሲያገኙም ጥይቱን፣ ወደ ጫካ ያሻግሩ ነበር። አስካሪው ደግሞ የሚወጋው ሕዝብ በመልክም፣ በሃይማኖትም፣ አንዳንዴም በቋንቋ የሚቀርበው ነው። ስለዚህም ከነመሣሪያቸው እየከዱ ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ ኤርትራውያን ጥቂት አልነበሩም። ለጣሊያን አዛዦች ይህ ከጦር ሜዳ ሽንፈት የማይተናነስ ስጋት ሆነ፤ በምሽጉ ግንብ ላይ የሚያቆሙት ዘበኛ ራሱ ሊታመን አልቻለምና።

የአዲስ ዓለም ምሽግ በጃገማ ኬሎ ጦር እጅ ወደቀ። በምዕራብ የቀረው የጣሊያን ጦር በጄኔራል ጋዜራ መሪነት ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን የሰጠው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። በኋላ ሌተና ጄኔራል ለመሆን የበቃው ጃገማ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበር።