እንዶድና ቀይ የባሕር ሣር

ያሆዴና መሳላ በሚቃረቡበት ወራት በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው የቤት እመቤት ሁሉ ከምታስባቸው ነገሮች አንዱ የልብስ ንጣት ነው። ዛሬ ሳሙና ከሱቅ ይገዛል። ቀድሞ ግን በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው በአረፋው ሸማቸውን ያነጡ ነበር። ይህ በአጥር ጥግ የሚበቅል ቁጥቋጦ ከእድፍ ሌላ ምን እንደሚያስለቅቅ ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓመት ዶክቶር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። እነዚህም የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ቅመም ራሱ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ሥራ እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በ1980ዎቹም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገላው መስመር ያለበት ትንሽ ዛጎል ከሌላ አገር ገብቶ፣ በውሃ ቧንቧዎች ውስጥ እየተለጠፈ ይደፍናቸው ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ይህን ዛጎል እንደሚገድል አረጋገጠ፤ የአሠራሩም ባለመብትነት በ1990ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ።

የመርከብንም ሆድ እንዲሁ የባሕር ፍጥረቶች እየተለጠፉ ያከብዱታል። ይህን ለመከልከል ይቀባ የነበረው ቆርቆሮ ያለበት ቀለም የባሕርን እንስሳት ስለ መረዘ ከ2008 ጀምሮ በዓለም ውል ታግዷል። በአውስትራልያ ጠረፍ ግን ዴሊሲያ ፑልክራ የሚባል ቀይ የባሕር ሣር ፉራኖን የተባለ ቅመም ያወጣል፤ ይህም ባክቴሪያዎች የሚግባቡበትን ምልክት አደናግሮ በላዩ እንዳይሰፍሩ ይከለክላል። የሲድኒ ሊቃውንትም ከዚሁ ትምህርት ወስደው ለመርከብ የሚሆን መከላከያ ለማግኘት ደከሙ።

እንግዲህ ሣሩ ጠላቱን ያርቃል፤ እንዶድ ግን ይገድላል። ዓሣንም ስለሚገድል ወደ ወንዝ አይጣል፤ ከመጠጥ ውሃና ከልጆች እጅም ይራቅ። ይሁን እንጂ ቁጥቋጦውን ከአጥራችን ነቅለን አንጣለው። በሀዲያና በከምባታ ያሉ አሮጊቶች ስለ ቅጠሉና ስለ ፍሬው የሚያውቁትን ልጆቻቸው ጠይቀው ይጻፉ። በመዝገብ ያልሰፈረ የእናት ዕውቀት ወሰን እንዳልተከለለት እርሻ ነውና፣ ቀድሞ የደረሰ ያርሰዋል።