ለዶሮ የሚታዘዝ ቫይረስ

ቫይረስ ሲባል ዶሮ አርቢ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ጉምቦሮም ቫይረስ ነው። ሁለቱም ቤት ሙሉ ዶሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈጁ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «በመጠጥ ውሃቸው ላይ ቫይረስ ጨምርላቸው» ቢለው አርቢው በሩን ቢያሳየው አያስገርምም። ነገር ግን የዶሮንም ሆነ የሰውን ሕዋስ የማይነኩ፣ ባክቴሪያ ብቻ እየገደሉ የሚኖሩ ቫይረሶች አሉ። ባክቴርዮፋጅ ይባላሉ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ፋጅ ይሏቸዋል። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያጠቁት ደግሞ ከቤተ ሙከራ ወጥተው በቄራና በዶሮ እርባታ ሥራ ጀምረዋል።

ሳልሞኔላ አንድ ዓይነት ተሕዋስ አይደለም፤ ከ2,500 በላይ ዓይነቶች አሉት። አርቢውን የሚያስጨንቁት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ጋሊናረምና ፑሎረም የሚባሉት ዶሮዋን ራሷን ይገድላሉ። የመጀመሪያው የዶሮ ታይፎይድን ያመጣል፤ ሁለተኛው ጫጩቶችን ነጭ እያስቀመጠ ይጨርሳል። ሰው ላይ እምብዛም አይደርሱም። ኢንተራይቲዲስና ታይፊሙሪየም የተባሉት ጠባያቸው የተገላቢጦሽ ነው። እነዚህ የያዟት ትልቅ ዶሮ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንቁላሏንም ትጥላለች፤ የታመመች አትመስልም። ተሕዋሱ ግን አንጀቷ ውስጥ ሰፍሮ ከኩሷ ጋር ይወጣል። ኢንተራይቲዲስማ እንቁላሉ የሚፈጠርበት ድረስ ዘልቆ ስለሚገባ፣ ቅርፊቱ ምንም ሳይሰነጠቅ እንቁላሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በ1988 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ኤድዊና ከሪ የተባሉ የጤና ሚኒስትር ዴኤታ የአገሪቱ የእንቁላል ምርት አብዛኛው በሳልሞኔላ የተበከለ ነው ብለው በመናገራቸው ገበያው ተናጋ፤ እሳቸውም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከሥልጣን ለቀቁ።

የእኛ ዶሮ ወጥ እዚህ ላይ ምስጋና ይገባዋል። ቁሌት ላይ ረጅም ሰዓት ከቆየ ሥጋ ውስጥ ሳልሞኔላ አይተርፍም። ጣጣው ከምድጃው በፊት ነው፤ ዶሮዋ ስትበለት፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ሲወጣና በሎሚና በጨው ሲታጠብ ውሃው የሚረጭበት፣ ያው ቢላዋ ሳይታጠብ ሰላጣ የሚከተፍበት ጊዜ ነው አደገኛው። ስለዚህ ዶሮዋ ወጥ ቤት ከመድረሷ በፊት ተሕዋሱን መቀነስ ቢቻል ትርፉ ትልቅ ነው።

ፋጁ ሥራውን እንዴት ይሠራል? በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙዎቹ ባለማዕዘን ጭንቅላት፣ ጅራትና ቀጫጭን እግሮች አሏቸው። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ዘረመል ብቻ ነው። በራሱ አይዋኝም፣ አያሸትም፣ አያሳድድም፤ እየተንሳፈፈ ከባክቴሪያ ጋር እስኪላተም ይጠብቃል። እግሮቹ በሳልሞኔላው ገላ ላይ የሚያውቁትን ሞለኪውል ካገኙ ይጣበቃሉ፤ ካላገኙ ያልፋሉ። ከተጣበቀ በኋላ ዘረመሉን እንደ መርፌ ወደ ውስጥ ይወጋል። ከዚያ ወዲያ ባክቴሪያው የራሱ ጌታ አይደለም፤ ያለውን ሁሉ የፋጅ ቅጂ ለመሥራት ያውላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግድግዳውን የሚያሟሟ ኢንዛይም ይመረትና ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ በአሥርና በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ ፋጆችም ይፈስሳሉ። ሳልሞኔላው ሲያልቅ የሚራቡበት ነገር ስለማይኖር እነሱም እየከሰሙ ይሄዳሉ።

ሁሉም ፋጅ ግን ለዚህ ሥራ አይታጭም። አንዳንዱ ገብቶ አይገድልም፤ ዘረመሉን ከባክቴሪያው ዘረመል ጋር አጣብቆ በሰላም አብሮ ይኖራል። እንዲህ ያለው ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የመርዝ ወይም የመድኃኒት መቋቋሚያ ጂን ሊያሻግር ስለሚችል አምራቾች አጥብቀው ያጣሩታል። የሚፈለገው ገብቶ ገዳዩ ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት ከመሰለ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ በፓሪስ ፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 ስለ ፋጅ ጽፈዋል። ዴሬል በ1919 ፋጁን መጀመሪያ የሞከረው በሰው ላይ ሳይሆን በዶሮ ላይ ነበር፤ በፈረንሳይ ገጠር ዶሮዎችን ይፈጅ በነበረው የዶሮ ታይፎይድ፣ ማለትም በዚያው በጋሊናረም ላይ። ተቅማጥ የያዛቸው ሰዎች ተራ የደረሰው ከዶሮዎቹ በኋላ ነው። ጆርጂያዊው ወዳጁ ጊዮርጊ ኤልያቫ በ1923 ትብሊሲ ላይ ለዚሁ ምርምር ተቋም መሠረተ። ኤልያቫ በ1937 በስታሊን ዘመን ተረሸነ፤ ተቋሙ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በምዕራቡ ዓለም ፔኒሲሊንና ተከታዮቹ አንቲባዮቲኮች ገበያውን ሲይዙ ፋጅ ተረሳ። ለመረሳቱም ምክንያት ነበረው፤ አንቲባዮቲክ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ሳይጠይቅ ብዙውን ይገድላል፤ ለሐኪሙም ለአርቢውም ያ ይቀላል።

ቅለቱ ራሱ መዘዝ አመጣ። አንቲባዮቲክ ለሕክምና ብቻ ሳይሆን ዶሮ ቶሎ እንዲያድግ መኖ ውስጥ ሲጨመር ኖሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ሲባል መስጠቱን ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ ከለከለ። በእኛም አገር ከመድኃኒት ሻጭ የተገዛ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ውሃ ውስጥ በጥብጦ መስጠት የተለመደ ነው፤ እንቁላሉና ሥጋው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት መቆየት ያለበትን ቀን የሚቆጥር አርቢም ብዙ አይደለም። ተሕዋሱ መድኃኒቱን ሲላመድ ሰዎች የተረሳውን ፋጅ እንደገና ፈለጉት።

ፍለጋው ንጹሕ ቦታ አይደረግም። ሳልሞኔላ የሚገድለው የሚገኘው ሳልሞኔላ ባለበት ነው፤ የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ፣ የቄራ ፍሳሽ፣ የከተማ ቆሻሻ ውሃ። ፍሳሹ ባክቴሪያ በማያሳልፍ፣ ቫይረስ ግን በሚያሳልፍ ማጣሪያ ይጣራል። የተጣራው ከሳልሞኔላና ለብ ካለ፣ አጋር ከሚባል የባክቴሪያ ማብቀያ ጄል ጋር ተደባልቆ ክብ ሳሕን ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ጠዋት ሳሕኑ በሙሉ ባክቴሪያው በቅሎበት ደፍርሶ ከታየ ምንም አልተገኘም። በድፍርሱ መካከል ወለል ያሉ ቀዳዳ መሰል ክቦች ከታዩ ግን እያንዳንዱ ክብ አንድ ፋጅ ወርዶ፣ ተባዝቶ፣ ዙሪያውን የጨረሰበት ቦታ ነው። ተመራማሪው በመርፌ ጫፍ ነክቶ ያንን ያነሳል።

በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሮበርት አተርበሪና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡት ጥናት የተጀመረው እንዲህ ነው። ከዶሮ እርባታዎች፣ ከቄራዎችና ከፍሳሽ ውሃ 232 የሳልሞኔላ ፋጆች ሰበሰቡ፤ ሰፊ ክልል የሚገድሉ ሦስቱን መረጡ፤ ሆን ተብሎ ሳልሞኔላ ለተሰጣቸው የሥጋ ዶሮዎችም አጠጡ። የጨጓራ አሲድ ፋጁን መንገድ ላይ እንዳያስቀረው አሲድ ማብረጃ ጨምረውበታል። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ፋጅ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ የኢንተራይቲዲስ ብዛት ከ10,000 እጥፍ በላይ ወረደ። ታይፊሙሪየም ከ150 እጥፍ በላይ ቀነሰ። ሀዳር በተባለው ዓይነት ላይ የተሰጠው ሦስተኛው ፋጅ ግን፣ ሳሕን ላይ የገደለውን ያህል ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ምንም አልፈየደም።

ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ከሞቱት ይልቅ የተረፉት ጉዳይ ነው። ፋጁን የሚቋቋሙ ሳልሞኔላዎች ብቅ አሉ፤ ያውም የተሰጠው ፋጅ በበዛ ቁጥር ከተረፉት ውስጥ የተላመዱት ድርሻ ከፍ አለ። መጠን ጨምር፣ ያድናል የሚለው የመድኃኒት ቤት ልማድ እዚህ አይሠራም። ፋጅ ለሳምንታት እያጠጡ መቆየት ሳልሞኔላን ማሠልጠን ይሆናል። ቶሎ ይገድላል፣ ቶሎም ይለመዳል፤ እንግዲህ ዋጋው ያለው መግደሉ ላይ ብቻ ሳይሆን የሚሰጥበት ሰዓት ላይ ነው።

ተስማሚው ሰዓት ደግሞ ከዕርድ በፊት ያለው አንድ ቀን ገደማ ነው። ዶሮዎች ለቄራ ሲጫኑ ተጨናንቀውና ደንግጠው ኩሳቸው ይበዛል፤ የአንዷ ተሕዋስ በሣጥኑ ውስጥ ወደ ሌላዋ ላባ ይሸጋገራል። ያን ጊዜ ሳልሞኔላው በብዙ እጥፍ ከቀነሰ፣ የተረፉት ተላምደው ከመብዛታቸው በፊት ዶሮዋ ትታረዳለች። ከዕርድ በኋላ ሥጋው ላይ መርጨት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ የጨጓራ አሲድ የለም፣ ፋጁ ተሕዋሱን ፊት ለፊት ያገኘዋል። በአሜሪካ ሳልሞፍሬሽ የተባለው ምርት ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ቢውል ተቃውሞ እንደሌለው ፈቃጁ ባለሥልጣን በ2013 አስታውቋል። በፖላንዷ ዉጅ ከተማ የሚገኘው ፕሮቴዮን ፋርማሲዩቲካልስ ደግሞ ባፋሳል ብሎ የሰየመውን፣ አራት ፋጆች የተደባለቁበትን ምርት፣ በመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ አዘጋጅቷል። አራት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያው አንዱን ቢያመልጥ ሌላው እንዲይዘው።

አጠቃቀሙ ላይ አርቢን የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። በክሎሪን የታከመ ውሃ ፋጁን ይገድለዋል፤ ፀሐይም እንዲሁ። ጉዝጓዙ ካልተቀየረ፣ አይጥ ካልተከለከለ፣ መኖው ራሱ የተበከለ ከሆነ ዶሮዋ ነገ አዲስ ሳልሞኔላ ትለቅማለች። ፋብሪካውም የራሱ ፈተና አለበት፦ ፋጅ የሚራባው በሕይወት ባለ ሳልሞኔላ ላይ ስለሆነ፣ ሳልሞኔላን ለማጥፋት መጀመሪያ በርሜል ሙሉ ሳልሞኔላ ማሳደግ፣ ከዚያ ፋጁን ከሬሳውና ከመርዙ አጥርቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የዶሮ እርባታ የተከማቸው ቢሾፍቱ ዙሪያ ነው፤ የዶሮ ታይፎይድ ክትባት የሚያመርተው መንግሥታዊ ተቋምም እዚያው ከተማ ይገኛል። ፋጅ ፍለጋው ለዚህ አካባቢ ከአቅም በላይ አይደለም፤ ሳሕን፣ ማጣሪያና የሙቀት ሣጥን ያለው ቤተ ሙከራ ከቄራ ፍሳሽ ውስጥ ሊያወጣው ይችላል። የሚከብደው ቀድሞ የሚመጣው ሥራ ነው፤ በየእርባታው ያለው ሳልሞኔላ ጋሊናረም ይሁን ኢንተራይቲዲስ ወይስ ሌላ፣ ናሙና እየሰበሰቡ በዓይነቱ መለየት። ከአውሮፓ የመጣ ፋጅ እዚህ ያለውን ሳልሞኔላ ሊያውቀውም ላያውቀውም ይችላል፤ ይህ ደግሞ ጠርሙሱ ሳይገዛ በአንድ ሳሕን ላይ፣ በአንድ ሌሊት የሚፈተን ነገር ነው።