ማፍላት የማያስወግደው ፍሎራይድ፡ በስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውሃ ውስጥ የተደበቀው ስጋት

ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም ጥርጣሬ አይፈጥርም። ይሁን እንጂ ከኢትዮጵያ እስከ ታንዛኒያ በሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ፣ እንዲህ ያለው ውሃ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ከሚገባው በላይ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በርካታ ቤተሰቦች ውሃቸውን ያፈላሉ፤ ያጣራሉ፤ አልያም ክሎሪን ይጨምሩበታል። እነዚህ ዘዴዎች ተቅማጥና ታይፎይድን ከመሳሰሉ በሽታዎች ይታደጋሉ። ፍሎራይድን ግን አያስወግዱም።

ፍሎራይድ ከየት ይመጣል?

የስምጥ ሸለቆ ዓለቶች በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃ በእነዚህ ዓለቶች መካከል ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይድን እያሟሟ ይሸከማል። በመሆኑም በጥንቃቄ የተቆፈረና ከቆሻሻ የተጠበቀ ጉድጓድ እንኳ ከችግሩ ላያመልጥ ይችላል።

ፍሎራይድ በአነስተኛ መጠን ጥርስን ከመበስበስ ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በኢትዮጵያ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ በኬንያ በናኩሩ እንዲሁም በታንዛኒያ በአሩሻ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን ያላቸው የውሃ ምንጮች ተገኝተዋል።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ፣ በተለይም ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ሕጻናት ናቸው። ጉዳቱ ግን የሚታየው ጥርሱ ሲበቅል ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ይህ በመቦረሽ አይለቅም። ከፍተኛ መጠን ያለው ፍሎራይድ ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ በአጥንት ውስጥ እየተከማቸ መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ አከርካሪንም ሊያጎብጥ ይችላል።

የትኛው ማጣሪያ ይሠራል?

ውሃ ሲፈላ ከፊሉ ይተናል፤ ፍሎራይዱ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ለረዥም ሰዓት የፈላ ውሃ የፍሎራይድ ክምችቱ ከፍ ይላል። የሸክላ ማጣሪያም ሆነ ጣዕምና ሽታን የሚያስተካክለው የተለመደው የከሰል ማጣሪያ ይህን ንጥረ ነገር አይዙም።

ፍሎራይድን ለመቀነስ ከሚያገለግሉት አንዱ ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል ነው። ናልጎንዳ የሚባለው፣ በሕንድ የተቀመረው ዘዴ ደግሞ አሉምና ኖራ ተጨምሮበት ፍሎራይዱ ከዝቃጩ ጋር እንዲወርድ ያደርጋል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተሰኘው መሣሪያ አብዛኛውን ፍሎራይድ ያስወግዳል፤ ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፤ በቂ የውሃ ግፊት ይፈልጋል፤ ከሚገባበት ውሃም ከፊሉን ያባክናል።

የአጥንት ከሰል የመያዝ አቅሙ ሲያልቅ ውሃው መልኩንም ሆነ ጣዕሙን አይለውጥም። በጊዜው ካልተተካ ቤተሰቡ ተጠብቄያለሁ ብሎ እያመነ ያልተጣራ ውሃ ይጠጣል።

ከመግዛት በፊት መመርመር

በአንድ መንደር ያሉ ሁለት ጉድጓዶች የተለያየ የፍሎራይድ መጠን ሊኖራቸው ስለሚችል የጎረቤት ውጤት ዋስትና አይሆንም። ማጣሪያ ከመግዛት በፊት የየራስን ውሃ በቤተ ሙከራ ማስመርመር፣ ከዚያም በኋላ የተጣራውን በየጊዜው ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውሃ ጥቂት ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ፣ ከሁሉ አስቀድሞም ለሕጻናት ይዋል። ለልብስና ለገላ መታጠቢያ የጉድጓዱ ውሃ ይበቃል። ፍሎራይድ በጣም አነስተኛ የሆነበት የዝናብ ውሃም ሌላ አማራጭ ነው፤ ከጀርም ነጻ ለማድረግ ግን እሱንም ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም የግድ ነው።