ውሃ ወደ ኋላ ሲፈስ

ውሃ ሽቅብ አይፈስም ይባላል። አባባሉ ለወንዝና ለጎርፍ እውነት ነው፤ በቧንቧ ውስጥ ላለ ውሃ ግን አይሠራም። የቧንቧ ውሃ ፎቅ ይወጣል፤ ኮረብታ ይሻገራል፤ አንዳንድ ጊዜም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ይህን የመጨረሻውን ነው። ይኸውም ከቤት፣ ከአትክልት ቦታ ወይም ከፋብሪካ የወጣ የቆሸሸ ውሃ ተመልሶ ሕዝብ ወደሚጠጣበት ቧንቧ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚከለከል ነው። እኛም የኋልዮሽ ፍሰት ብለን እንጠራዋለን።

ለመሆኑ ውሃን በቧንቧ ውስጥ ወደ ፊት የሚገፋው ምንድን ነው? ግፊት ነው። የከተማ ውሃ ከተጣራና ክሎሪን ከተጨመረበት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ ቦታ በተሠራ ማጠራቀሚያ ይከማቻል። ማጠራቀሚያው ከእናንተ ቧንቧ 30 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈናጠራል እንጂ ጭቃው ወደ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ ንጹሑን ውሃ በዙሪያው ካለው ቆሻሻ የሚጠብቀው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ይህ ግፊት ጭምር ነው ማለት ነው።

ግፊቱ ሲጠፋስ? ዋናው ቧንቧ ሲሰበር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ፓምፑ ሲቆም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲቀዱ፣ ወይም ፈረቃው ደርሶ መስመሩ ሲዘጋ ግፊቱ ይወርዳል። በከፍተኛው ሠፈር ቧንቧዎች ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ሠፈር ይወርድና ከበስተኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህ ባዶ ቦታ ያገኘውን ሁሉ ይስባል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞቻችን የምትኖሩ ተማሪዎች ይህን በጆሯችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ውሃ በጠፋ ጊዜ ቧንቧውን ስትከፍቱ «ሽ…» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መዳፋችሁን በአፉ ላይ ብታደርጉም ሳብ ያደርገዋል። በዚያች ደቂቃ የሚሳበው አየር ከሆነ ጉዳት የለውም። በቧንቧው አፍ ላይ ጎማ ተሰክቶ፣ የጎማው ጫፍ ልብስ በተዘፈዘፈበት በርሜል ውስጥ ተነክሮ ከሆነ ግን የሚሳበው አየር ሳይሆን የበርሜሉ እጣቢ ነው።

ይህ የማይመስል ነገር ነው የሚል ተማሪ በሁለት ባልዲና በአንድ ጎማ ሊፈትነው ይችላል። አንዱን ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ በጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ባዶውን መሬት ላይ አስቀምጡ። ጎማውን ውሃ ሙሉና ሁለቱንም ጫፎች በጣታችሁ ድፈኑ (በአፍ መሳብ አያስፈልግም፤ ንጹሕ ልማድም አይደለም)። ከዚያም አንዱን ጫፍ በላይኛው ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ፣ ሌላውን ከታችኛው አድርሳችሁ ልቀቁት። ውሃው በባልዲው ከንፈር ላይ ሽቅብ ተሻግሮ ይወርዳል፤ የላይኛው ባልዲ እስኪጎድልም አያቆምም። ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው በባልዲው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ጠረፍ አካባቢ አየር ውሃን በዚህ ዓይነት እስከ 10 ሜትር ከፍታ ሊያነሣ ይችላል። በአዲስ አበባ ቦታው ከፍ ያለና አየሩ የሳሳ ስለሆነ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ይህም ቢሆን ከአንድ በርሜል ከንፈር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው።

ነገሩ በተግባር ምን ያህል እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1969 በዩናይትድ ስቴትስ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ የደረሰው ያሳያል። በዚያ የሚገኘው የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድን ለውድድር ዘመኑ ሲሰናዳ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ልምምድ ያደርግ ነበር። ተጫዋቾቹ የሚጠጡበት ቧንቧ ሜዳውን ከሚያጠጣው መስመር ጋር የተያያዘ ነበር። የማጠጫዎቹ አፎች ደግሞ ከመሬት ወለል በታች በተሠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ሲሆኑ፣ በእነዚህ ጉድጓዶች ውሃ ያቁር ነበር፤ በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት ሕመም የያዛቸው የአካባቢው ሕፃናትም በዚያ ውሃ ይጫወቱበት ነበር። በዚያው ሰሞን አቅራቢያው እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውሃ በመቅዳታቸው የመስመሩ ግፊት ወረደ። ያን ጊዜ የጉድጓዶቹ ውሃ ወደ ቧንቧው ተሳበ፤ ተጫዋቾቹም ጠጡት። በሽታው ለመታየት አንድ ወር ያህል የሚፈጅ በመሆኑ ለጊዜው የጠረጠረ አልነበረም። ሁለት ግጥሚያ ካደረጉ በኋላ ግን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ታመሙ፤ የዓመቱ ቀሪ ግጥሚያዎችም ተሰረዙ። ልብ በሉ፤ የከተማው ውሃ ከማጣሪያው ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ እሳቱን ያጠፉት ሠራተኞችም ተግባራቸውን ነው የፈጸሙት። ጥፋቱ የመጠጥ መስመርና የቆሸሸ ጉድጓድ ያለ አንዳች መከላከያ በመገናኘታቸው ነበር።

የኋልዮሽ ፍሰት ሁልጊዜ በመሳብ ብቻ አይመጣም፤ በመገፋትም ይመጣል። ስሟን በስልኩ ምክንያት በምናውቃት በፊንላንዷ የኖክያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 በፍሳሽ ማጣሪያው ጣቢያ የጥገና ሥራ ሲካሄድ፣ የመጠጥ ውሃውን መስመር ከፍሳሹ መስመር ጋር የሚያገናኝ አንድ ቫልቭ ተከፈተ። የፍሳሹ መስመር ግፊት በልጦ ስለነበር 450 ሜትር ኩብ ያህል ከማጣሪያው የወጣ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው ገባ። ከ8,000 በላይ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት እንደታመሙ ተገምቷል። በውሃው ውስጥ ለጥበቃ የሚቀረው ጥቂት ክሎሪን ይህን ያህል ፍሳሽ ሊቋቋም አይችልም።

እንግዲህ መከላከያው ምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ባዶ ቦታ! የቧንቧው አፍ ከመያዣው ከንፈር በላይ ከሆነና በመካከላቸው አየር ካለ፣ ግፊቱ ምን ያህል ቢወርድ የሚሳበው አየር ብቻ ይሆናል። የክፍተቱ ልክ ከቧንቧው አፍ ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ምንጊዜም ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ እንዲሆን የሙያው ደንብ ያዛል። የእጅ መታጠቢያችሁን ተመልከቱ፤ የቧንቧው አፍ ከገንዳው ከንፈር ከፍ ብሎ የተሠራው ለእጅ እንዲመች ብቻ አይደለም።

ክፍተት መተው በማይቻልበት ቦታ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይገጠማል። ይህ መሣሪያ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ከሚገባው በላይ ይተማመኑበታል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በመዝጊያው ላይ ብታርፍ፣ ወይም ላስቲኩ ቢያረጅ ፍሰቱን አያግድም። ስለዚህም ሁለት ቫልቮች ተከታትለው ይገጠማሉ፤ በብዙ አገሮችም በሆስፒታል፣ በፋብሪካና በመኪና ማጠቢያ ያሉት በየዓመቱ ይፈተሻሉ።

በግቢያቸው የጉድጓድ ውሃ ያላቸው ሰዎች የጉድጓዱን መስመር ከከተማው ቧንቧ ጋር ፈጽሞ ማገናኘት የለባቸውም፤ የጉድጓዱ ፓምፕ ግፊቱ ከበለጠ ልክ እንደ ኖክያው ይሆናልና። ፓምፕን በቀጥታ በከተማው መስመር ላይ መግጠምም እንዲሁ ነው። ፓምፑ የመስመሩን ግፊት አውርዶ የጎረቤትን እጣቢ ሊስብ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ውሃው መጀመሪያ ከላይ፣ በክፍተት በኩል ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ እንዲወርድ ማድረግ፣ ፓምፑም ከዚያ እንዲቀዳ ማድረግ ነው።

ሌሊት ውሃ ይመጣል ብሎ ጎማውን በበርሜሉ ውስጥ ነክሮ፣ ቧንቧውን ከፍቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ጎማው ከበርሜሉ ከንፈር በላይ በገመድ ቢታሰር ውሃው እንደ ልቡ ይሞላል፤ ድምፁ ከፍ ቢል ነው። ለሰብል መርጫ የተበጠበጠ ፀረ ተባይ ባለበት ዕቃ ውስጥ ግን ጎማ መንከር ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይገባም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ውሃ ለወለል ማጠቢያ ይዋል፤ ከጠራም በኋላ ቢሆን ከጠረጠራችሁት አፍልታችሁ ጠጡ። ማፍላት የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፀረ ተባይን ግን አያስወግድም። በመሆኑም ውሃው የመድኃኒት ወይም የነዳጅ ሽታ ካለው ለምንም ነገር አትጠቀሙበት፤ ለጎረቤቶቻችሁና ለአካባቢው ውሃ አገልግሎት ወዲያውኑ ንገሩ።